የእንቁላል ፓስታ በቤታችሁ፦ ከዱቄቱ ምርጫ እስከ ሰሃኑ

ፓስታ በየሱቁ ሞልቶ ሳለ ምን አደከማችሁ የሚል አይጠፋም። መልሴ አጭር ነው፤ አንዴ ሠርታችሁ ቅመሱትና ከዚያ እንነጋገር። የሱቁ ፓስታ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። እኔም ሥራ ውዬ ስገባ የማበስለው እሱን ነው። ግን ሁለቱ የተለያዩ ምግቦች ናቸው። የሱቁ አብዛኛውን ጊዜ ዱረም ከሚባለው ጠንካራ ስንዴና ከውሃ ብቻ ተሠርቶ በማሽን የደረቀ ነው። የእንቁላሉ ለስለስ ያለ ነው፣ ስልሱን ይጠጣል፣ የራሱም ጣዕም አለው። ምንም ሳይጨመርበት በቅቤ ብቻ ቢቀርብ ይበላል።

አሠራሩ ከአያቴ የመጣ ነው። አያቴ በወጣትነቷ ድሬዳዋ አንድ የጣሊያን ቤተሰብ ቤት ምግብ ታበስል ነበር። እዚያ የለመደችውን ለእናቴና ለአክስቶቼ አሳየች፣ ከእነሱ ወደ እኛ መጣ። እንዲህ ዓይነት ታሪክ ያለው ቤት ብዙ ነው። ጣሊያን ኤርትራን እ.ኤ.አ. በ1890 ቅኝ ግዛት አድርጋ፣ ኢትዮጵያን ደግሞ ከ1936 እስከ 1941 ወርራ ከቆየች በኋላ ወራሪው ሲሄድ ፓስታው፣ መኮሮኒው፣ ላዛኛውና ስልሱ ከእኛ ጋር ቀረ። በብዛት የቀረው ግን ደረቁ ፓስታ ነው። የእንቁላል ፓስታ የሰሜን ጣሊያን፣ በተለይም የቦሎኛና የአካባቢዋ ምግብ ነው። እዚያ ደንቡ ለሰው አንድ እንቁላል፣ ለአንድ እንቁላል 100 ግራም ዱቄት ነው፤ ሲሠራም ዱረም ሳይሆን ለስላሳው የዳቦ ስንዴ ነው። ለእኛ ጥሩ ዜናው ይሄ ነው፤ በየሱቁ ያለው ፉርኖ ዱቄት ከዚያው ወገን ስለሆነ ልዩ ዱቄት ፍለጋ መዞር አያስፈልግም።

የሚያስፈልገው

ለአምስት ሰው የሚበቃ ነው የምነግራችሁ።

ፉርኖ ዱቄት ግማሽ ኪሎ። ከዚህ 450 ግራሙ ለሊጡ፣ የቀረው 50 ግራም ሲዳመጥ ለመነስነሻ ይሆናል።
እንቁላል፣ ቅርፊቱ ወጥቶ 245 ግራም አካባቢ። ይህ 5 የፈረንጅ እንቁላል ወይም 7 የአበሻ እንቁላል ያህል ነው።
ጨው ግማሽ የሻይ ማንኪያ።
ዘይት አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ከፈለጋችሁ።

የቦሎኛ ሰዎች ሊጡ ውስጥ ጨውም ዘይትም አይጨምሩም። እኛ ቤት ጨው ይገባል። ዘይቱን አያቴ የምትጨምረው ሊጡን ለመዳመጥ እንዲቀልላት ነበር፤ እኔ ትቼዋለሁ፣ ልዩነቱም ብዙ አይደለም።

ከዕቃ የሚያስፈልጋችሁ ሰፊ ጠረጴዛ ወይም ንጹሕ ጣውላ፣ መዳመጫ፣ ስለታም ቢላዋና ሰፌድ ነው። መዳመጫ ከሌላችሁ ታጥቦ የደረቀ ቀጥ ያለ ጠርሙስ ይሠራል። የፓስታ ማሽን ያለው ሰው ድካሙ ይቀንስለታል፤ የሌለውም ምንም አይጎድልበትም።

እንቁላሉን መዝኑት፣ አትቁጠሩት

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ያዙ። «ለ100 ግራም ዱቄት 1 እንቁላል» የሚለው ደንብ የወጣው ትልልቅ እንቁላል ባለበት አገር ነው። የአሜሪካ ሱፐርማርኬት «ላርጅ» የሚለው እንቁላል ቅርፊቱ ሲወጣ 50 ግራም ይሆናል። የእኛ የአበሻ ዶሮ እንቁላል ከነቅርፊቱ 40 ግራም ገደማ ነው፤ ውስጡ ወደ 35 ይወርዳል። ስለዚህ ደንቡን አምናችሁ በ450 ግራም ዱቄት ላይ 5 የአበሻ እንቁላል ብትሰብሩበት ከሚፈለገው ፈሳሽ ሩብ ያህሉ ይጎድላል። ሊጡ አልያዝ ይላል። ሰው ይሄኔ ነው ደንግጦ ውሃ የሚጨምረው፣ ውሃ ሲበዛ ደግሞ ይላቁጣል፣ ዱቄት ይጨመራል፣ መጨረሻ ላይ የእንቁላል ጣዕም የሌለው ጠንካራ ነገር ይወጣል። ጥፋቱ የእጃቸው አይደለም፣ የሂሳቡ ነው።

የምትይዙት ሂሳብ ይሄ ነው፦ ለ100 ግራም ዱቄት 55 ግራም ቅርፊቱ የወጣ እንቁላል። የኩሽና ሚዛን ያለው ሰው እንቁላሉን በሳህን ሰብሮ ይመዝናል፣ ከዚያ በእንቁላሉ ልክ ዱቄቱን ያስተካክላል። ሚዛን የሌለው ደግሞ መላ አለው። ባለሱቁ ግማሽ ኪሎ ብሎ የመዘነላችሁን ዱቄት ተጠቀሙ። አንድ ጥሩ እፍኝ አንሡለት፣ እሱ መነስነሻችሁ ነው፤ የቀረውን በ5 ትልልቅ ወይም በ7 ትንንሽ እንቁላል አቡኩት። በጣም አትርቁም።

እንቁላሉን አንድ በአንድ በብርጭቆ ሰብራችሁ እያያችሁ ነው ወደ ሳህኑ የምትገለብጡት። አንድ የተበላሸ ስድስቱን ይዞ እንዳይሄድ። ቅርፊቱ ላይ ቆሻሻ ካለ ልትሰብሩት ስትሉ እጠቡት፣ ከቀናት በፊት አጥባችሁ አታስቀምጡት። ፍሪጅ ውስጥ ከነበረም ትንሽ ቀደም ብላችሁ አውጡት፤ ቀዝቃዛ እንቁላል ሊጡን ያደነድነዋል።

ስለ ቀለሙም ልንገራችሁ። የአስኳሉ ቢጫነት የሚመጣው ዶሮዋ ከምትበላው ነው። ቢጫ በቆሎና ቅጠላ ቅጠል የምትለቅም ዶሮ ደማቅ አስኳል ትሰጣለች። ግቢ ውስጥ ስትጭር የምትውል ዶሮ እንቁላል ያገኘ ሰው ፓስታው ወርቅማ ይሆንለታል። ቀለም ለማሳመር ብላችሁ እርድ አትጨምሩ፣ ጣዕሙን ይቀይረዋል።

ሌላ የሚገርመኝ ነገር አለ። በጣሊያን ሕግ አንድ ፋብሪካ «የእንቁላል ፓስታ» ብሎ ለመሸጥ በ1 ኪሎ ዱቄት ቢያንስ 4 እንቁላል፣ በክብደት ከ200 ግራም ያላነሰ ማስገባት አለበት። የእኛን ሂሳብ በኪሎ ብታሰሉት ከ500 ግራም በላይ ነው። ከፋብሪካው ዝቅተኛ መጠን ከእጥፍ ያልፋል። ጣዕሙ ለምን እንደሚለይ ከዚህ ይገባችኋል።

ማቡካት

ዱቄቱን በወንፊት ንፉት። ጠረጴዛው ላይ ከምራችሁ መሃሉን በእጃችሁ ክፈቱት፣ ጉድጓዱ ሰፋ ይበል፣ ግድግዳውም ወፈር። ጠባብ ከሆነ እንቁላሉ ገንፍሎ ጠረጴዛውን ያጥለቀልቀዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሠሩ ከሆነ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ሥሩት፣ ማንም አይፈርድባችሁም።

እንቁላሉንና ጨውን ጉድጓዱ ውስጥ አድርጉና በሹካ ምቱት። ከዚያ በሹካው ጫፍ ከውስጠኛው ግድግዳ ዱቄት እየቀነሳችሁ አስገቡ። በትንሽ በትንሹ። መጀመሪያ ይቀጥናል፣ ከዚያ ይወፍራል፣ በመጨረሻ ሹካው አልንቀሳቀስም ይላል። ያኔ ሹካውን አስቀምጡና በእጅ ግቡበት፣ የቀረውን ዱቄት ከዳር ወደ መሃል እያመጣችሁ ሰብስቡት።

አሁን የምታዩት ነገር አያምርም። ፍርፍር ያለ፣ እዚህም እዚያም ደረቅ ዱቄት የያዘ፣ ተሰባስቦ የማይቆም ነገር ነው። ውሃ አትጨምሩ! ክዳን ድፉበትና 5 ደቂቃ ተዉት። ዱቄት እርጥበት ለመጠጣት ጊዜ ይፈልጋል፤ ስትመለሱ ያለምንም ጭማሪ ተሰብስቦ ታገኙታላችሁ። ከዚያ በኋላም አልያዝ ካለ እጃችሁን ውሃ ነክራችሁ አራግፉና በእርጥብ እጅ እሹት። እሱ ይበቃዋል። በተቃራኒው እጅ ላይ ከተጣበቀ ጠረጴዛው ላይ ትንሽ ዱቄት ነስንሱና ሊጡ የሚፈልገውን ብቻ ይውሰድ።

ማሸት

ይህ የእንጀራ ሊጥ አይደለም፣ የዳቦም አይደለም። በጣም ደረቅና ጠንካራ ነው። ክንድ ይጠይቃል። በመዳፋችሁ ግርጌ ወደፊት ግፉት፣ እጠፉት፣ ሩብ ያህል አዙሩት፣ እንደገና ግፉት። ከ10 እስከ 12 ደቂቃ፣ ሰዓት እያያችሁ።

መጀመሪያ ሻካራ ነው፣ ጠርዙ ይሰነጣጠቃል፣ ስታጥፉት እጥፋቱ ላይ ይቀደዳል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ተበላሸብኝ ብሎ ይተወዋል። ቀጥሉ። ደቂቃው ሲጋመስ ስንጥቁ መጥፋት ይጀምራል፣ ከእጃችሁ ሥር ያለው ሊጥም መለጠጥ ይለምዳል። የስንዴ ፕሮቲኖች ከእርጥበት ጋር ሲገናኙ ግሉተን የሚባል መረብ ይሠራሉ፣ ማሸት ያንን መረብ ያጠነክረዋል። ፓስታው ፈልቶም የማይበጣጠሰው በዚህ መረብና በእንቁላሉ ፕሮቲን ነው። የእንቁላሉ ነጭ ሲሞቅ ይረጋና ሁሉንም አጥብቆ ይይዛል፣ አስኳሉ ደግሞ ቅባት ስላለው ለስላሳነቱን ይሰጠዋል።

መድረሱን በምን ታውቃላችሁ? አያቴ «የጆሮሽን ጫፍ ንኪና እሱን ንኪ» ነበር የምትለው። የሁለቱ ልስላሴ ሲገናኝ በቃ። ሌላም መንገድ አለ። በጣት ጫን አድርጉት፤ ጉድጓዱ ቀስ ብሎ ወደ ቦታው ከተመለሰ ደርሷል። አሁንም ከተጠራጠራችሁ በቢላዋ ለሁለት ክፈሉት። ውስጡ አንድ ዓይነት ቀለም፣ ጥቃቅን የአየር ቀዳዳ ያለውና ነጭ የዱቄት መስመር የሌለው መሆን አለበት።

ከዚያ በንጹሕ ላስቲክ ጠቅልሉት ወይም ሳህን ድፉበትና ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ያርፍ። እርጥብ ጨርቅ አታልብሱት፣ ይጣበቅበታል። ይህን እረፍት አትዝለሉ። ያላረፈ ሊጥ ስትዳምጡት ይኮማተራል፣ እናንተም እሱም ትናደዳላችሁ። በዚህ ሰዓት ስልሱን ጣዱ፤ 2 ሰዓት የሚንተከተከው የሥጋ ስልስ ከሆነ ግን ቀደም ብላችሁ ጣዱት።

መዳመጥ

ሊጡን 4 ቦታ ክፈሉት። አንዱን አውጡ፣ ሦስቱ ላስቲክ ውስጥ ይቆዩ። አየር ያገኘው ሊጥ በጥቂት ደቂቃ ቆዳ ያወጣል፣ ቆዳው ደግሞ ሲዳመጥ ይሰነጠቃል።

በእጅ ጠፍጠፍ አድርጉትና ከመሃል ወደ ውጭ ዳምጡት። በየሁለት ሦስት ምት አዙሩት፣ አልፎ አልፎ ሥሩ ዱቄት ነስንሱ። ዱቄቱ ስስ ይሁን። ብዙ ከነሰነሳችሁ ሊጡ ይንሸራተታል እንጂ አይሰፋም፣ ውሃውንም በኋላ ያወፍረዋል። ሊጡ እምቢ ካለ፣ ማለትም በሰፋ ቁጥር ወደ ኋላ ከተሰበሰበ፣ አትታገሉት። ሸፍናችሁ 5 ደቂቃ ስጡትና ወደ ሌላው ዙሩ።

ውፍረቱ እንደ አሠራሩ ነው። በስልስ የሚበላ ከሆነ 1 ሚሊሜትር ያህል። ለዶሮ ሾርባ የሚገባው ወፈር ቢል፣ እስከ 2 ቢደርስ ደስ ይላል፣ ማንኪያ ላይ ይሰማል። እሳት ላይ ሲያብጥ ውፍረቱ ይጨምራል፣ ስለዚህ ከምትፈልጉት ትንሽ አሳሱት። እኔ የማረጋግጠው በብርሃን ነው። የተዳመጠውን አንሥቼ ወደ መስኮት አዞረዋለሁ፤ ከጀርባው ያለው የጣቶቼ ቅርጽ ከታየኝ በቃኝ።

ማሽን ያላችሁ ከሰፊው ቁጥር ጀምሩ። መጀመሪያ አንዴ አሳልፉት፣ ሦስት ቦታ እጠፉት፣ እንደገና አሳልፉት፤ ይህን አራት አምስት ጊዜ ደጋግሙት። ከዚያ ሳታጥፉ ቁጥር በቁጥር አጥብቡት። የመጨረሻው ቁጥር ለታሊያቴሌ፣ ማለትም በስልስ ለሚበላው ጥብጣብ መሰል ፓስታ፣ በጣም ይሳሳል፣ ከእሱ አንድ በፊት ቁሙ።

ማስተንፈስና መቁረጥ

የተዳመጠውን ወዲያው አትቁረጡት። ጨርቅ ላይ ዘርጉትና ትንሽ ይተንፍስ። ላዩ ሲነካ ደረቅ፣ ሲታጠፍ ግን የማይሰበር ሲሆን ጊዜው ነው። ስንት ደቂቃ? እንደ ወሩ ነው። በሐምሌ ዝናብ ሩብ ሰዓትም ላይበቃው ይችላል። በኅዳርና በታኅሣሥ ነፋስ አዲስ አበባ ላይ 5 ደቂቃ ሳይሞላ ጠርዙ ይደርቃል፤ ያኔ መስኮቱን ዝጉና ከአጠገቡ አትራቁ። ከደረቀ በኋላ ሲጠቀለል ይሰበራል፣ መመለሻም የለውም።

ላዩ ላይ ዱቄት ነስንሱ። ከአንዱ ጫፍ ላላ አድርጋችሁ ጠቅልሉት፣ ወደ አራት ጣት ስፋት። በስለታም ቢላዋ ቁረጡ፣ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ታች፤ እየፈገፈጋችሁ ከቆረጣችሁ ጠርዙ ይጣበቃል። ለሾርባ 3 ሚሊሜትር፣ ለስልስ 7 ሚሊሜትር ገደማ። ይህ ሁለተኛው ቁጥር ዝም ብሎ አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ1972 በቦሎኛ ንግድ ምክር ቤት የታሊያቴሌ ልክ በይፋ ተመዝግቧል፤ በስሎ ሲቀርብ 8 ሚሊሜትር ስፋት ሊኖረው ይገባል፣ ጥሬው ደግሞ ከዚያ ትንሽ ይጠብባል። እናንተ በማስመሪያ አትለኩ፣ እኩል እኩል ይሁን እንጂ። እኩል ካልሆነ ቀጭኑ ሲላቁጥ ወፍራሙ ጥሬ ይሆናል።

የተቆረጠውን እዚያው ፍቱት። ጥቅልሉን በጣት ጫፍ አንሥታችሁ አራግፉት፣ ዱቄት ነካ አድርጉትና ዱቄት የተነሰነሰበት ሰፌድ ላይ በትንንሽ ክምር አስቀምጡት። ሰፌድ ከትሪ ይሻላል፣ ከሥር አየር ስለሚያስገባ አይጣበቅም። በሰፌድ ማስተንፈሱ የእናቴ ፈጠራ ነው፣ ጣሊያኖቹ አያውቁትም መሰለኝ።

ጠርዝ ላይ የሚቀረውን ቅርጽ የለሽ ቁራጭ አትጣሉት። ጣሊያኖች ማልታሊያቲ ይሉታል፣ ባቄላ ሾርባ ውስጥ ይጨምሩታል። እኛ ቤት ምስር ሾርባ ውስጥ ይገባል፣ ልጆች እሱን ነው እየመረጡ የሚበሉት።

መቀቀል፣ እንደ ከተማችሁ

ትልቅ ድስት ውሰዱ፣ ቢያንስ 5 ሊትር ውሃ የሚይዝ። ውሃው በደንብ ሲፈላ በሊትር 10 ግራም ያህል ጨው ጨምሩ፤ ለ5 ሊትር ሦስት ለጥ ያለ የሾርባ ማንኪያ ገደማ ነው። ዘይት ውሃው ውስጥ አትጨምሩ። ፓስታው እንዳይጣበቅ የሚያደርገው ብዙ ውሃና የመጀመሪያው ደቂቃ ማማሰል ነው። ዘይቱ ላይ ላይ ይንሳፈፋል፣ ሲጠለልም ፓስታውን አልብሶት ስልሱ እንዳይዘው ያደርጋል።

ትርፉን ዱቄት አራግፋችሁ ፓስታውን ጨምሩ፣ አማስሉ፣ ውሃው ቶሎ እንዲመለስ ክደኑት፤ ሲፈላ ክፈቱት።

ስለ ደቂቃው በውጭ አገር የምግብ አሠራር ላይ የምታነቡትን ሁሉ አትመኑ። ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ጠለል ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃው በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ የቱንም ያህል እሳት ብታነዱበት ከዚያ አይሞቅም። ድሬዳዋ ወደ 96 ትጠጋለች። ስለዚህ ጅዳ ወይም ቴል አቪቭ ያለ ሰው በ2 እና በ3 ደቂቃ የሚያወጣው ፓስታ አዲስ አበባ ላይ 4 ወይም 5 ደቂቃ ይፈልጋል። ከ2ኛው ደቂቃ ጀምራችሁ አንድ አንድ እያወጣችሁ ቅመሱ። ጥሬ ዱቄት ሲጠፋና ጥርስ ላይ ግን ትንሽ ሲይዝ አውጡ።

ከመጠለሉ በፊት አንድ ብርጭቆ የፈላበትን ውሃ አስቀሩ። ከዚያ ጥለሉት፣ በቀዝቃዛ ውሃ አታጥቡት። ላዩ ላይ ያለው ስታርች ነው ስልሱን የሚያጣብቀው። በቀጥታ ስልሱ ወዳለበት ድስት ገልብጡትና እሳት ላይ ለአንድ ደቂቃ አዋህዱት፣ ከደረቀ ካስቀራችሁት ውሃ ጠብ አድርጉበት። ስልሱን ከላይ ከምሮ ማቅረብ ለዚህ ፓስታ አይሆንም፤ ተደባልቆ ነው መቅረብ ያለበት።

በምን ይበላል?

ለመጀመሪያ ቀን ቅቤ ይበቃል። የገበታ ቅቤ በቀስታ አቅልጡ፣ አንድ ዘለላ የጥብስ ቅጠል ጣል አድርጉበት፣ መዓዛው ሲወጣ ፓስታውን ጨምሩ። አይብ ካላችሁ ፈቅፍቁበት። በንጥር ቅቤም ይሆናል፣ ኮረሪማው ግን እንቁላሉን ስለሚሸፍነው እጃችሁ አይብዛ።

የሥጋ ስልስ ለምትፈልጉ ደግሞ የቤታችን እንዲህ ነው። ሁለት ራስ ቀይ ሽንኩርትና አንድ ካሮት ደቀቅ አድርጋችሁ ከትፉ፣ በዘይት እስኪለሰልስ አብስሉ። 300 ግራም የተፈጨ ሥጋ ጨምሩና ውሃው ጠፍቶ ሥጋው ራሱ እስኪጠበስ አቁላሉት። ብዙ ሰው እዚህ ይቸኩላል፣ ሥጋው ግራጫ እንደሆነ ቲማቲም ይጨምርበታል፤ ቡናማ ካልሆነ ጣዕም አያወጣም። ከዚያ 5 የተፈጨ ቲማቲም፣ አንድ ማንኪያ የቲማቲም ድልህ፣ ሁለት ፍንጣሪ ነጭ ሽንኩርት። እሳቱን ቀንሱና ክዳኑን ገርበብ አድርጋችሁ ለ2 ሰዓት ያህል ይንተክተክ፣ ሲደርቅ ውሃ ጠብ እያላችሁ። ሊወጣ ሲል ግማሽ የሻይ ብርጭቆ ወተት ጨምሩ። ወተቱ ከቦሎኛ የመጣ ልማድ ነው፣ የቲማቲሙን ኮምጣጣነት ያለዝበዋል። ቃሪያ ጠረጴዛ ላይ ለፈለገ ይቅረብ።

ጉንፋን በገባበት ቤት ደግሞ ወፈር ያለውን በዶሮ ሾርባ ሥሩ። መረቁን አጥልላችሁ ጥሬውን ፓስታ በቀጥታ እሱ ውስጥ ቀቅሉት፤ የሚለቀው ዱቄት መረቁን ትንሽ ያወፍርላችኋል።

የተረፈውን ማስቀመጥ

ጥሬ እንቁላል ያለበት ነገር ነው፣ በዚህ አልቀልድም። የተቆረጠውን ፓስታ ሰፌድ ላይ ከ2 ሰዓት በላይ አታቆዩት። የሱቁ የእንቁላል ፓስታ ወራት የሚቆየው በተቆጣጠሩት ሙቀት በማሽን ስለደረቀ ነው፤ ወጥ ቤት ውስጥ ቀስ ብሎ ሲደርቅ ግን ሳልሞኔላ የሚባለው በሽታ አምጪ ባክቴሪያ የመራቢያ ጊዜ ያገኛል። ልጆች ጥሬውን ሊጥ እንዳይቀምሱ፣ ጠረጴዛውና እጃችሁም በሳሙና ይታጠቡ።

ፍሪጅ ውስጥ በተዘጋ ዕቃ እስከ ነገ፣ ቢበዛ እስከ ተነገ ወዲያ ይቆያል። ትንሽ ግራጫ ቢል አትደንግጡ፣ አየር ነክቶት ነው፤ ሽታው ከተቀየረ ግን ይጣል። ለረጅም ጊዜ ከሆነ ፍሪዘር ይሻላል። በትሪ ዘርግታችሁ እስኪጠነክር አቀዝቅዙት፣ ከዚያ ላስቲክ ውስጥ ከታችሁ እስከ 2 ወር አቆዩት። ሲፈለግ ሳይቀልጥ በቀጥታ ወደ ፈላ ውሃ ይገባል፣ አንድ ደቂቃ ያህል ጨምሩለት። መብራት ጠፍቶ ከቀለጠና ገና ቀዝቃዛ ከሆነ በዚያው ቀን ቀቅሉት፣ መልሳችሁ አታቀዝቅዙት። ለብ ካለ ይጣል።

በጾም የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ እንቁላሉን በውሃ ብቻ ተክታችሁ በፉርኖ ዱቄት አትሞክሩት፣ ድስት ውስጥ ሊላቁጥ ይችላል። ሰሞሊና ፈልጉ፣ ከዱረም ስንዴ የሚፈጨውን ሻካራ ዱቄት ማለቴ ነው። ለ100 ግራም ሰሞሊና 50 ግራም ለብ ያለ ውሃና ትንሽ ጨው፤ እሽታው ያው 10 ደቂቃ፣ እረፍቱ ያው 30 ደቂቃ። ይህ ሊጥ በስሱ መዳመጥ ብዙም አይወድም፣ ስለዚህ በትንንሹ ቆርጣችሁ በአውራ ጣት ጫን እያላችሁ ጎድጎድ ያለ ቅርጽ ስጡት፤ የደቡብ ጣሊያን ሰዎች የሚሠሩት እንዲህ ነው። በቲማቲም፣ በነጭ ሽንኩርትና በበሶብላ ስልስ ሥሩት። ቅርጹ ወፍራም ስለሆነ አዲስ አበባ ላይ ከ10 ደቂቃ በላይ ሊፈልግ ይችላል፤ እሱንም እየቀመሳችሁ ነው የምታወጡት።